ይህ ነሐስ መሬት አይጎተትም

ጥቅምት 6

ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያዩ ይኮሳተራል? እቴቴስ እንዴት ናት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። ደብዳቤዎ ከነቅባቱ ደርሶኛል። የአየር መሣሪያ የምሸጥበት ሱቅ ውስጥ ስከፍተው ባለቤቱ አይቶ «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ መጥረጊያ ጨርቅ?» አለኝ። የአጎቴ ነው፣ አጎቴ ሶፋ እየሠራ ነው የሚጽፈው አልኩት።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አይሆንም ጋሼ። የውሃ ጎማ የአየር ቱቦ አይሆንም። በሽቦ ደጋግመው ቢያስሩትም አይሆንም፤ «እስካሁን ምን ሆነ?» ብለውም አይከራከሩኝ። ያ ጎማ የተሠራው አበባ ለማጠጣት እንጂ ኮምፕሬሰር የሚገፋውን አየር ለመቻል አይደለም። እዚህ ስውል የፈነዳ ጎማ በእጁ ይዞ የሚገባ ሰው አላጣም፤ ሁሉም «ትናንት ደህና ነበር» ይላሉ።

ስለዚህ እኔው መረጥኩልዎ። ጥቁሩ ወፍራሙ ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱት ውለው ማታ ትከሻዬን ሊሉ ነው። ርካሹ ደግሞ ብርድ ሲነካው ይደርቅና አልታዘዝም ይላል። የላክሁልዎ ሰማያዊው ነው። ቀላል ነው፣ ውስጡ በክር የተጠለፈ ነው፣ ከኮምፕሬሰሩ ተነስቶ የእቴቴን መስፊያ አልፎ ጠረጴዛዎ ድረስ ይደርሳል። ባለቤቱ «ተጠምዛዡን ውሰጂለት፣ ራሱን እየሰበሰበ ወለል ላይ አይንዛዛም» ብሎ ወትውቶኝ ነበር። እምቢ አልኩት። አክስቴ አጎቴን የምትጠራው ቱቦውን እየሳበች እንደሆነ ስነግረው የምቀልድ መሰለው። ተጠምዛዡን ብትስበው መሳቡ እዚያው ጥምዝምዙ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል፤ እርስዎ ጋ አይደርስም። ጆሮዎ በዚያ የመላጊያ ማሽን ከደከመ ጀምሮ ቤታችን የሚተዳደረው በዚህ ቱቦ አይደል? አንዴ ሲሳብ ዙር፣ ሁለቴ ሲሳብ ደንበኛ መጣ፣ ደጋግሞ ሲሳብ ምሳው ቀዘቀዘ።

ፊቲንጎቹ፣ ማለት መጋጠሚያዎቹ፣ ካርቶኑ ውስጥ ናቸው። የነሐሱ ሴቴው ነው፤ ውስጡ ራሱን የሚዘጋ ክዳን አለው። እሱ የእኔ ስጦታ ነው፣ ከሱቁ ሁሉ ቆንጆውን ነው የመረጥኩልዎ። ሌላው ተራ ብረት ወንዴው፣ ሴቴው ውስጥ የሚገባው ነው። ሴቴው ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ወንዴው በአየር ሚስማር የሚመታው ሽጉጥዎ ላይ ይገጠም። ጥርሱ ላይ ነጩን ቴፕ ይጠምጥሙበት። ሽቦ እንዳይነካው፤ የሚያጠብቀውን ቀለበት ጨምሬያለሁ።

እቴቴ እንደ ልማዷ ከደብዳቤዎ ግርጌ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። የእርስዎን ወሬ የማጣራው በእሷ መስመር ነው።

ልጅዎ


ጥቅምት 18

ለልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ደረጃ የሌለበት ቤት ስላለኝ ደህና ነው። ለሱቅሽ ባለቤት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መጥረጊያ ጨርቅ ያላትን ነገር ግን ይዤለታለሁ በይው።

ዕቃው ደረሰ። የውሃ ጎማው በክብር ተሰናብቷል፤ አክስትሽ አበባዋን እያጠጣችበት ነው፣ ሽቦዬንም አልፈታችውም። ሰማያዊውን ገና ስገጥመው ሽጉጡ እጄ ላይ ሌላ ሆነ። ድሮ አንዱን ሚስማር ግማሽ ድረስ ተፍቶ ቀሪውን በመዶሻ ጨርስ ይለኝ ነበር። አሁን አንዴ ጠብ፣ አለቀ።

ነሐሱን ከካርቶኑ ሳወጣው ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ። እጄ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ገብቶ አያውቅም። አንቺ ቱቦው ጫፍ ላይ ግጠም ብለሻል። ልጄ፣ የቱቦ ጫፍ የት እንደሚውል ረስተሻል? መሬት ላይ ነው። ሲሚንቶ ይፍቀዋል፣ ሙጫ ይቀባል፣ አክስትሽ በጫማዋ ትረግጠዋለች። ልጄ የላከችልኝ ነሐስ መሬት አይጎተትም አልኩና ሽጉጡ ላይ ገጠምኩት። ተራውን ብረት ቱቦው ላይ አደረግሁት፣ መጎተቱን እሱ ይጎተት። ግድግዳው ጋ ያለውን የአየር መዝጊያ ቀድሜ ዘግቼ ነው ቱቦውን የምነቅለው፤ ስለዚህ አታስቢ። ሥራ ስንጨርስ ሽጉጡን ወልውዬ ሚስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «ልጄ የላከችው ነው፣ የአየር መሣሪያ ባለሙያ ናት» እላለሁ። ሳይጠይቁኝም እላለሁ።

አሁን ደግሞ የሚያስገርምሽን ልጻፍልሽ። በቀደም ቱቦውን ነቅዬ ሽጉጡን ልሰቅል ስል ሳላስበው ምላጩን ነካሁት። ያለ ቱቦ፣ ያለ ምንም፣ እጄ ላይ ነጥሮ አንድ ሚስማር ጣውላው ውስጥ ቀበረልኝ። ለካ ከነቀልኩትም በኋላ አንድ ትንፋሽ ይተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቱቦው የማያደርስ ጥግ ላይ አንድ ሚስማር ሲቀረኝ ነቅዬ ይዤው እሄዳለሁ። የተባረከ ዕቃ ነው የላክሽልኝ። ለአክስትሽ ገና አልነገርኳትም፤ አንድ ቀን ድንገት እሷ እያየች ሚስማር መትቼ አስገርማታለሁ። ስለዚህ ይህን ገጽ አጥፌ ግርጌውን ብቻ ነው የምሰጣት።

አጎትሽ

ድንቡሼ፣ ደብዳቤውን እንደ ኤንቨሎፕ አጥፎ ግርጌውን ብቻ ሰጠኝ። ስለ እኔ የሆነ ነገር ሳይቀባጥር አልቀረም፣ ምንም ይበል አትመኚው። ቱቦው ግን ግሩም ነው። በውሃው ጎማ ጊዜ እንደ በሬ ጎትቼ ነበር የምጠራው፤ አሁን በሁለት ጣት ነካ ሳደርገው ይዞራል። ነሐስሽን ከእኔ አብልጦ ይወለውለዋል። እቴቴ።


ጥቅምት 26

ጋሼ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት ሽጉጡ እጅዎ ላይ ካለ አፉን ወደ ጣውላ ያዙሩት፤ ከምላጩ ላይ ጣትዎን ያንሱ። ሚስማሮቹን ከሆዱ ያውጧቸው። ከዚያ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ ባዶውን ጣውላ ላይ ይምቱት፤ ነሐሱን የሚፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። እቴቴ እዚያ አካባቢ እንዳትኖር።

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። መጀመሪያ ስጽፍልዎ የት እንደሚገጠም ጻፍኩ እንጂ ምክንያቱን አልጻፍኩም። ነሐሱ ውስጥ ያለው ክዳን ሲነቀል ራሱን ይዘጋል። ቱቦው ላይ ሲሆን የሚዘጋው ቱቦውን ነው። ሽጉጡ ደግሞ በወንዴው ክፍት ቀዳዳ በሆዱ ያለውን አየር ተንፍሶ ባዶውን ይቀራል። እርስዎ ገልብጠው ስለገጠሙት ግን የሚዘጋው ሽጉጡን ነው። አየሩ መውጫ አጥቶ ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። የተባረከ አይደለም ጋሼ። ቱቦ የሌለው፣ ማንም ባዶ ነው ብሎ የሚያምነው፣ የጎረሰ ሽጉጥ ነው። አንድ ትንፋሽ ይተርፈዋል ብለዋል። ሁለት ሊሆን ይችላል። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል፤ ማን ያውቅለታል?

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ደንበኛ ፊት ቆሜ ነው። እስከ ነሐሱ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። «ያለ ቱቦ፣ ያለ ምንም» የሚለው ጋ ስደርስ «እቴቴ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ውሃ አቀበለኝ፤ መርዶ የደረሰኝ መስሎታል።

የቤታችንን ደንብ ያስቡት። «ቱቦው መሬት ከወደቀ እጅ ይገባል» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቱቦው ሽጉጡ ላይ ሳለ ማንም እጁን ወደ ሶፋው አይሰድም፤ ቱቦው ሲወድቅ ግን እቴቴ ሳትጠይቅ እጇን ከሥር አስገብታ ላስቲኩን ትወጥራለች። ዓይኗ ሽጉጡ ላይ አይደለም። ዓይኗ ቱቦው ላይ ነው።

ከናንተ ማዶ ላለችው ፋርማሲ ደወልኩ፣ ስልኩ አይነሳም። ይህን የሱቁን ዕቃ ወደዚያ በሚያመላልሰው ሾፌር እልካለሁ፤ ዕቃ ሳታወርድ አድርስልኝ ብዬዋለሁ። ለእቴቴ ዛሬውኑ ይንገሯት። አጥፈው የሰጧትን ገጽ ዘርግተው ይስጧት።

ልጅዎ


ጥቅምት 25

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን። ሥራው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። ሰሞኑን ነፋስ ነበር፣ አሁን ቆሟል።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ትንሽ እጇን ስላመማት እያረፈች ነው።

የላክሽልኝን ዕቃ ሱቁ መልሶ የሚቀበል ከሆነ በሾፌሩ እልከዋለሁ። ዕቃው ምንም አልጎደለውም፣ ጥሩ ዕቃ ነው። እኔ ነኝ ወደ መዶሻ ልመለስ ያልኩት። መዶሻ ሲመታ ያስታውቃል።

ለባለቤቱ ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ጋሼ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእርስዎ የተጻፈው የእኔ ከመድረሱ በፊት ነው፣ ቀኑን አየሁት። ስለዚህ የእኔን አንብበው አይደለም መዶሻ ያሰኘዎት። ምን አይተው ነው?

ግርጌው ባዶ ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ብርሃን ላይ ያዝኩት፣ ኤንቨሎፑን ቀደድኩት። የእቴቴ መስመር የለም። ቦታውን ግን ትተውላታል፤ እንደ ሁልጊዜው ልክ አድርገው ትተውላታል። እቴቴ በንዳድ ተኝታ እንኳ «ለድንቡሼ አልሞትኩም በላት» ብላ የጻፈች ሴት ናት።

እጇን አመማት ብለዋል። የትኛውን?

ፋርማሲዋ ሴትዮ ዛሬ ስልኩን አነሳች። እቴቴን ጥሪልኝ አልኳት። «ፋሻዋን ልቀይርላት ስሄድ ሰላም እልልሻለሁ» አለችና ዘጋችው። ፋሻ። ቃሉ ከአፏ አምልጧት ነው፤ ደግሜ ብደውል አላነሳ አለች። ሱቁ ውስጥ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለቤቱ ከእጄ ላይ ወስዶ ቦታው መለሰው።

ጋሼ፣ ነፋስ ነበር፣ ቆሟል እያሉ አይጻፉልኝ። የሆነውን ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ እኔ በሐሳቤ የከፋውን እየሠራሁ ነው።

ልጅዎ


ኅዳር 9

ለልጄ፣

ልዋሽሽ ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩበትም። ቀኝ እጇ ነው።

ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ላይ ነበርን። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ። የዋናውን ጣውላ ጨርሼ መዝጊያውን ዘጋሁ፣ ቱቦውን ነቅዬ ጣልኩት። በተረፈው ትንፋሽ የጥጉን ሚስማር መታሁ። አንዱን መታሁ፣ አለቀ ብዬ አመንኩ። ሁለተኛ ይኖረዋል አላልኩም። ሽጉጡን እንደያዝኩት አፉን ጣውላው ላይ አሳረፍኩ፤ ጣቴ ከምላጩ አልወጣም። ፊቴን አዙሬ በሌላው እጄ የሙጫውን ጣሳ እፈልግ ነበር። እሷ ቱቦው መውደቁን አየች። ደንባችንን ጠብቃ እጇን ከሥር አስገባች።

ጣሳው ላይ ስንጠራራ ጣቴ ምላጩን ተጫነ፣ ሽጉጡ እጄ ላይ ነጠረ። አንድ ሚስማር በከንቱ አጠፋሁ ብዬ ሽጉጡን አስቀመጥኩ እንጂ ዞር ብዬ አላየሁም። ጣሳውን አገኘሁት፣ ክዳኑን መፍታት ጀመርኩ።

ጮሃለች ልጄ። ፋርማሲዋ ከመንገዱ ማዶ ሰምታለች። ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤት ሰምታ ቅርጫቷን ጥላ ሮጣለች። አንድ ክንድ ርቀት ላይ የነበርኩት እኔ ክዳን እፈታ ነበር።

ያየሁት ነገር ቢኖር ቱቦውን ነው። ጫፉ፣ ያ ተራው ብረት፣ ሲሚንቶውን እየፋቀ በእግሬ አጠገብ ብቻውን ይሄዳል። አይጥ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ቆመ፣ ከዚያ ደግሞ ሄደ። በዓይኔ ስከተለው ግራ እጇ ላይ ደረስኩ። ቀኟ ከጣውላው ጋር ተሰፍቷል፣ በግራዋ ቱቦውን ይዛ ትስባለች። እኔን እየጠራችኝ ነበር። እንደ ሁልጊዜው። ቱቦው ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ስትስበው ባዶውን ይመጣላታል፣ እሷ ግን ትስበዋለች።

ሚስማሩን ሐኪም አውጥቶታል። አጥንት አልሰበረም፣ ጅማት ነክቷል። ሁለቱ ጣቶቿ መታጠፍ እምቢ ብለዋል። በመርፌ የምታድር ሴት ናት።

ደብዳቤሽ የደረሰው ከሆነ በኋላ ነው። ሾፌሩ ሲያቀብለኝ ደጅ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ሁለት ሊሆን ይችላል» የሚለው ጋ ስደርስ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

መስፊያዋን ወደ ጓዳ አዛውሬዋለሁ፣ ከእኔ እንድትርቅ። ዕቃውን ሁሉ ልኬልሻለሁ፣ ሽጉጡንም ነሐሱንም። ሽጪው፣ ጣይው፣ እንዳትመልሺልኝ። ልምጣ ብትይ አትምጪ። አንቺንም በምን ዓይኔ አይሻለሁ?

አጎትሽ


ኅዳር 25

ለልጄ ለድንቡሼ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ የዶሮ ጭረት ነው እንዳትይኝ። ይህን አንድ ገጽ ለመሙላት ስንት ቀን እንደፈጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ግርጌውን ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ለኔ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በደብዳቤሽ የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ያመኛል፣ አልዋሽሽም፤ በተለይ ሲበርድ። አውራ ጣቴ ይታዘዘኛል። ትንሿ ጣቴ ባለፈው ሳምንት ትንሽ እጥፍ አለችልኝ፣ ፋርማሲዋ ደስ ብሏት አለቀሰች። ከጎኗ ያለችው ጣት ግን ገና እንዳኮረፈች ነው። ሐኪሙ መርፌ ትይዣለሽ ብሎኛል፤ መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

በአጎትሽ ተቀይመሻል ወይ ላልሽኝ፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በሚስማሩ አይደለም። ገጹን አጥፎ ስለሰጠኝ ነው። ከኔ የደበቀው ነገር ኖሮ አያውቅም፣ አንዱን ደብቆ በእሱ ተመታሁ። ያንን ቁጭ ብዬ በልቤ ተሳድቤ ጨርሻለሁ። አሁን ያለሁት ሌላ ጭንቀት ላይ ነው።

ፊቴን አያይም ልጄ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ ምግቤን አጠገቤ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሱ የሚሰማው በዓይኑ ነው። ከንፈሬን ካላየ የምናገረው ሁሉ ለግድግዳው ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፤ ሳህኑን ያይ ነበር። ጮኼ አልኩት፤ ልብስ የምታሰጣዋ «እኔን ነው?» ብላ መጣች። በዚህ የዶሮ ጭረት ጽፌ ሳህኑ ሥር አኖርኩለት። ስድብ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ሳይዘረጋው ኪሱ ከተተው። ልነካው ስል እጄን ያይና ይደነግጣል፣ ተነስቶ ይሄዳል።

እኔን ጓዳ አስቀምጦ እሱ ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ይደበድባል። ያችን ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ እስካሁን አልጨረሳትም። ይመታል፣ ይነቅላል፣ እንደገና ይመታል። የተመታሁት አንድ እጄን ነው። እሱ ግን ባል ባለበት ቤት ባል አሳጣኝ።

ዕቃውን እንዳትሸጪው። ነሐሱን ራስሽ ቱቦው ጫፍ ላይ ግጠሚው፣ ብረቱንም ሽጉጡ ላይ፣ እንዳልሽው። በሾፌር አትላኪው፣ ይዘሽው ነይ። አትምጪ ያለሽን እርሺው፣ ቤቱ የእኔም ነው። ቱቦው ግን ያ አይበቃኝም፤ ረዘም ያለ ምረጪልኝ፣ ከእሱ ጠረጴዛ ተነስቶ በበሩ አልፎ ጓዳ እኔ ጋ የሚደርስ። ተጠምዛዡ እንዳይሆን። ነሐሱ ደግሞ ይጎተት፣ ይቧጠጥ፣ ብረግጠውም ረገጥኩት።

አንቺ ሽጉጡን እጁ ላይ አስያዢልኝ፣ ሌላ ሥራ የለብሽም። ሚስማር እንኳ አትጨምሪበት። እኔ ከጓዳ ሆኜ አንዴ እስበዋለሁ፤ ለዚያ ግራ እጄ ይበቃኛል። ቱቦው እጁ ላይ ካለ፣ ስስበው ሳይዞር ቀርቶ አያውቅም።

እቴቴ